«ሲስተም የለም» ሲሏችሁ ከጀርባ ምን ተፈጥሮ ይሆን?

ወረፋ ጠብቃችሁ ልክ መስኮቱ ጋ ስትደርሱ «ሲስተም የለም» ተብላችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ምክንያቱ ብዙ ነው። አንዳንዴ መብራት ነው፣ አንዳንዴ ኢንተርኔት። ዛሬ ግን ብዙም የማይወራለትን አንዱን እናያለን፦ መሥሪያ ቤቱ ሰርቨሮቹን ወደ አዲስ ኔትወርክ ሲያዛውር ዶሜን ኮንትሮለሮቹ ሲጠፋፉ።

👉 ዶሜን ኮንትሮለር ምንድን ነው?

ሠራተኛው ኮምፒውተሩን ሲከፍት ስሙንና ፓስወርዱን የሚያረጋግጥ ሰርቨር ነው። የማይክሮሶፍት አክቲቭ ዳይሬክተሪ ከዊንዶውስ 2000 ጀምሮ በዚህ መንገድ ይሠራል። አንዱ ቢወድቅ ሌላው እንዲተካው ብዙ ጊዜ ሁለትና ከዚያ በላይ ይደረጋሉ። አንዱ ላይ የተቀየረ ነገር ወደ ሌላው ይገለበጣል። ሲንክ የሚባለው ይሄ ነው።

👉 ሲንኩ ቢቆም ምን ችግር አለው?

ቀላሉ፦ ዋናው ቢሮ የቀየራችሁት ፓስወርድ ቅርንጫፍ ላይ አይሠራም። ከባዱ ደግሞ፦ ከሥራ የተሰናበተ ሰው አካውንት ዋናው ቢሮ ተዘግቷል፣ የቅርንጫፉ ሰርቨር ግን ወሬውን ስላልሰማ በሩን ይከፍትለታል። ስለዚህ ነገሩ የመዘግየት ብቻ ሳይሆን የደህንነት ጉዳይ ነው።

👉 ከየት ይጀመራል?

ሰርቨሮቹ ብዙ ጊዜ አልተበላሹም። ሲም ቀይሮ ለማንም ሳይናገር እንደጠፋ ጓደኛ አስቧቸው። መጀመሪያ ሬፕአድሚን በሚባለው ትእዛዝ ማን ከማን ጋር መቼ ለመጨረሻ ጊዜ እንደተገናኘ ይታያል። ስህተት ቁጥር 1722 ከመጣ አንዱ ሌላውን ማግኘት አልቻለም ማለት ነው። ከዚያ በተራ፦

1. ዲኤንኤስ። የሰርቨሮቹ የስልክ ማውጫ በሉት። አሮጌው አድራሻ እዚያ ከቀረ ሁሉም የሚደውለው ወደ ጠፋው ቁጥር ነው። ሰርቨሩ ራሱ የሚጠይቀውም የመሥሪያ ቤቱን የውስጥ ዲኤንኤስ መሆን አለበት። የጉግሉ 8.8.8.8 የቢሮውን የውስጥ ስሞች አያውቅም።

2. ሰዓት። ኬርቤሮስ የሚባለው የማረጋገጫ ዘዴ ካልተቀየረ በስተቀር ከ5 ደቂቃ በላይ የሰዓት ልዩነት አይቀበልም። ሰርቨሩ ለዝውውር ሲጠፋ ትንሿ የማዘርቦርድ ባትሪ አልቃ ከሆነ ሰዓቱ ይዛባል። በእጅ የሚያስተካክለው ሰው በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 3 ሰዓት ብሎ ከሞላው ደግሞ በቃ፣ 6 ሰዓት ልዩነት መጣ!

3. ፋየርዎል። «ፒንግ ያደርጋል» በቂ አይደለም። ፖርት 53፣ 88፣ 135፣ 389፣ 445 እና ከ49152 እስከ 65535 ያሉት በሰርቨሮቹ መካከል ክፍት መሆን አለባቸው። አዲስ ኔትወርክ ላይ ብዙ ጊዜ የሚረሱት የመጨረሻዎቹ ናቸው።

4. ሳይትና ሰብኔት። አዲሱ የአድራሻ ክልል ካልተመዘገበ ኮምፒውተሮች አጠገባቸው ያለውን ትተው ሩቅ ያለውን ሰርቨር ሊጠይቁ ይችላሉ። በተለያዩ ሳይቶች መካከል ሲንኩ በነባሪው በየ180 ደቂቃው ስለሆነ፣ ትንሽ የዘገየ ሁሉ ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

👉 ችላ ከተባለስ?

የተሰረዘ አካውንት ወዲያው አይጠፋም። «ተሰርዟል» የሚል ምልክት ይዞ በአብዛኛው ለ180 ቀን ይቆያል፣ ሌሎቹ ሰርቨሮች እንዲሰሙ። ከዚያ በላይ ተቆርጦ የቆየ ሰርቨር ዝም ብሎ ከተመለሰ ግን የሞቱ አካውንቶችን ይዞ ሊነሳ ይችላል። መፍትሔው ከዶሜኑ አውጥቶ እንደ አዲስ መሥራት ነው። ከሁሉም የሚሻለው ግን ዝውውሩ ባለቀ ማግስት ሲንኩን ማየት ነው።

እና ቀጣይ ጊዜ «ሲስተም የለም» ስትባሉ መስኮቱ ላይ ያለችውን ልጅ አትቆጧት። ምናልባት ጓዳ ውስጥ ሁለት ሰርቨሮች እየተፈላለጉ ይሆናል 😅

አይቲ ለሚማር ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት!