ምኑ ከምኑ ተዳቀለ?

ዲላ የምትኖረው አክስቴ ጓሮ ውስጥ ቅቤ የሚያስንቅ አቮካዶ ነበራት። ዘሩን አጥቤ ወስጄ ተከልኩ። ሰባት ዓመት ጠብቄ የለቀምኩት ግን ውሃ ውሃ የሚል፣ ቃጫ የበዛበት ፍሬ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። የአቮካዶ ዘር እናቱን ሊመስል ይችላል እንጂ እናቱን አይሆንም።

ነገሩ ከአበባው ይጀምራል። እያንዳንዱ አበባ ሁለት ጊዜ ይከፈታል፦ መጀመሪያ ሴት፣ በማግስቱ ወንድ ሆኖ። አንዳንዱ ዛፍ ጠዋት ሴት ይሆናል፣ አንዳንዱ ከሰዓት በኋላ። ንቧ በሁለቱ መካከል ስትመላለስ የጎረቤትን ዘር ከእኛው ጋር ታጋባለች።

ሀስ የሚባለው የአቮካዶ ዝርያም እንዲሁ የተገኘ ዲቃላ ነው። ሩዶልፍ ሀስ የተባለ የካሊፎርኒያ ፖስተኛ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ከዘር ባበቀላት ችግኝ ላይ በጊዜው ገናና የነበረውን ፉዌርቴ የተባለ ዝርያ ሊያጣብቅ ቢሞክር አልቀበል አለችው። ሊነቅላት አስቦ ተዋት። ስታፈራ ልጆቹ ከፉዌርቴ ይልቅ እሷን ወደዱ፤ በ1935 ፓተንት አወጣባት። እናቲቱ ዛፍ በ2002 ሥሯ በስብሶ ሞተች፤ በየአገሩ ያለው ሀስ ሁሉ ግን የእሷው እንጨት ነው።

እዚህ ላይ ከችግኝ ሻጮች ጋር ጠብ አለኝ። «የተዳቀለ ነው» ይሉናል። ምኑ ከምኑ ተዳቀለ? የሀስ ቀንበጥ ተቆርጦ ከዘር በበቀለ ችግኝ ጉቶ ላይ ይጣበቃል፤ ከላይ ያው ሀስ፣ ከታች ሌላ ዛፍ። ደማቸው አልተቀላቀለም። የእውነት ማዳቀል ንቧ በየጓሮው ያለ ደመወዝ የምትሠራው ነው። አቮካዶ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ እንግዳ ቢሆንም፣ በሲዳማና በጌዴኦ ጓሮዎች አንገታሙም፣ ድቡልቡሉም፣ ሲበስል የሚጠቁረውም፣ አረንጓዴ የሚቀረውም የሚገኘው ገበሬው ዘር ሲተክል ስለኖረ ነው።

ገበያው ሀስ ከፈለገ ሀስ ይተከል፤ ቅር አይለኝም። የሚያናድደኝ ለሀስ ቦታ ብሎ አሮጌውን ዛፍ ከሥሩ የሚጥል ሰው ነው። ሀስ ሁሉ አንድ ዛፍ ስለሆነ አንዱን የጣለ በሽታ ሌላውን አይምርም። ሥር የሚያበሰብሰውን በሽታ የሚቋቋሙ እንደ ዱክ 7 ያሉ ሥሮች የተገኙትም ከዘር ከበቀሉ ዛፎች መካከል ተለቅመው ነው። ስለዚህ መጥረቢያ ከማንሳታችሁ በፊት ከአሮጌው ዛፍ ቀንበጥ ቆርጣችሁ ሌላ ችግኝ ላይ አጣብቁ።

የአክስቴ ዛፍ ለሀስ ቦታ ተብሎ ተቆርጧል። ቀንበጡን የወሰደ ሰው የለም። ዘሩን የተከሉ አራት ጎረቤቶች አሉ፤ ያ ጣዕም ግን ከአንዳቸውም ዘንድ አልተገኘም።