የጅቡቲ ባቡር ጣቢያ፤ የሐዲዱ ስምና የሐዲዱ ባለቤት

አሮጌው የጅቡቲ ባቡር ጣቢያ ዛሬ ፉርጎ የማይጐተትበት፥ መንገደኛም የማይሰለፍበት ቦታ ሆኗል። ይሁን እንጂ ኢትዮጵያ ከውጭ አገር ጋር ስላደረገችው ንግድ፥ ስለ ተቀበለችውም ርዳታና ብድር ለማወቅ የሚፈልግ ሰው የዚህን ጣቢያ ታሪክ ቢመረምር ከብዙ መዝገብ የማያገኘውን ያገኛል። ከዚህ ጣቢያ ተነሥቶ አዲስ አበባ የሚደርሰውን ሐዲድ ሲያስተዳድር በኖረው ኩባንያ ላይ ሦስት ስም ተፈራርቆበታል፤ አራተኛውም ስም ከአዲሱ ሐዲድ ጋር መጥቷል። በእያንዳንዱ ስም ጀርባ ገንዘብ ያወጣ አንድ ወገንና ገንዘቡ ስላስከተለው ሥልጣን የተነሣ አንድ ክርክር አለ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ፥ ውሎቹ እንደ ተፈረሙበት፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ዳግማዊ ምኒልክ በማርች 9 ቀን 1894 ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ለ99 ዓመት የሚጸና ፈቃድ ሰጡ። በፈቃዱም ሐዲዱ ከጅቡቲ ሐረር፥ ከሐረር እንጦጦ፥ ከእንጦጦም አልፎ ከፋንና ነጭ ዓባይን እንዲደርስ ታስቦ ነበር። ኢልግ ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሼፍኔ ጋር ሆኖ በ1896 ኩባንያውን በፓሪስ አቋቋመ፤ ስሙም የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥታዊ የምድር ባቡር ኩባንያ ተባለ። ስሙ ንጉሠ ነገሥታዊ ይሁን እንጂ ግምጃ ቤቱ ንጉሠ ነገሥታዊ አልነበረም፤ ለሥራው የሚያስፈልገው ገንዘብ ይለመን የነበረው በፓሪስና በሎንዶን ገበያ ነው። በ1897 ቍፋሮው ከጅቡቲ ተጀመረ። ምድሩ ውሃ የሌለው በረሓ ነበር፤ የምድሩ ባለቤቶች የኢሳ ሰዎችም ሥራውን በጦር ተከላክለውት ነበርና ገንዘቡ ከታሰበው ጊዜ አስቀድሞ አለቀ።

በዚህ ጊዜ የእንግሊዝ ባለ ገንዘቦች ወደ ኩባንያው ገቡ። ይህም ነገር በፓሪስ ታላቅ ጩኸት አስነሣ፤ የቅኝ ግዛት ደጋፊዎች የሆኑት ወገኖች «በእኛ ወደብ የሚጀምር ሐዲድ በእንግሊዝ እጅ ሊገባ ነው» በማለት መንግሥታቸውን አስጨነቁ። የፈረንሳይ መንግሥትም በፌብሩዋሪ 6 ቀን 1902 ከኩባንያው ጋር ተዋውሎ ለ50 ዓመት በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ሊሰጥ ተስማማ፤ በምላሹም ኩባንያውን የመቈጣጠር ሥልጣን አገኘ። የፈረንሳይኛው ቃል ሱብቫንሲዮን ነው። ቃሉ በአማርኛ ርዳታ ተብሎ ቢተረጐም ግማሹ ብቻ ተነገረ ማለት ነው፤ ቀሪው ግማሽ ቍጥጥር ነውና። ዐፄ ምኒልክ ስለዚህ ውል አልተጠየቁም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሐዲዱ የሐረርን ተራራ ለመውጣት አቅቶት ከግርጌው አዲስ ሐረር በተባለው ሜዳ ሲቆም፥ ያም ቦታ ኋላ ድሬ ዳዋ የተባለው ነው፥ በንጉሠ ነገሥቱና በኩባንያው መካከል የነበረው ፍቅር አብሮ ቆመ። ቍጣቸው ስለ ገንዘቡ ብዛትና ማነስ አልነበረም። ለነጋዴ የሰጡት ፈቃድ ዞሮ በባዕድ መንግሥት እጅ ተገኘ፤ ነገሩ ይህ ነው። ገንዘብ ያልነበራቸው መሆኑን ማንም አይክድም፤ በገንዘብ ማጣታቸው ግን ሌላው በስማቸው ሊዋዋል አይገባውም ነበር።

ከዚህ በኋላ ክርክሩ ከኩባንያው ወጥቶ የመንግሥታት ሆነ። እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና ኢጣልያ በዲሴምበር 13 ቀን 1906 ሎንዶን ላይ በተፈራረሙት ውል እስከ አዲስ አበባ የሚደርሰውን ሐዲድ ለፈረንሳይ ወገን ለቀቁ፤ በሐዲዱና በወደቡም የሦስቱ መንግሥታት ነጋዴዎች በእኩልነት እንዲስተናገዱ ተስማሙ። ዐፄ ምኒልክ ውሉ ሲነገራቸው የሰጡት መልስ በመንግሥታቸው ሥልጣን ላይ ምንም ገደብ የማያደርግ መሆኑን ማስታወቅ ነበር። የመጀመሪያው ኩባንያ ከስሮ ከፈረሰ በኋላ በጃንዩዋሪ 1908 በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ወረቀቶች ተፈረሙ። አንደኛው የክሎቡኮቭስኪ ውል የሚባለው የንግድ ውል ነው፤ ይኸውም ከፈረንሳይ ዕቃ የሚወሰደው ቀረጥ ከመቶ 10 እንዳይበልጥ የሚወስን ነበር። ሁለተኛው ለንጉሠ ነገሥቱ ሐኪም፥ ለጓድሉፑ ተወላጅ ለዶክተር ቪታሊየን የተሰጠው አዲስ የሐዲድ ፈቃድ ነው። ከእርሱም የፍራንኮ ኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኩባንያ ተወለደ።

እነዚህን ሁለት ወረቀቶች ለየብቻ ማንበብ ስሕተት ነው። በአንደኛው ወረቀት መንግሥቱ ቀረጡን ከፍ እንዳያደርግ ታሰረ፤ በሁለተኛው የጭነቱን ዋጋ የሚወስነው ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤቱ ፓሪስ ሆነ። ቡናና ቆዳ የሚልከው ነጋዴ፥ ጨርቅ የሚያስመጣውም እንደዚሁ፥ የባቡሩን ኪራይ ከፍሎ የሚተርፈውን ያስብ ነበር፤ መንግሥቱ ግን ከመቶ 10 በላይ ምንም ሊያገኝ አይችልም። ሌላ መንገድ እንዳይመረጥ ደግሞ ወደ ዘይላ የሚወርደው የጥንቱ የግመል መንገድ በባቡሩ ምክንያት ደክሞ ነበር። ሐዲዱ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ፤ ርዝመቱም ወደ 780 ኪሎ ሜትር ነው። የከተማው ሰው ፈረንሳይኛውን «ላ ጋር» ሰምቶ ጣቢያውን ለገሃር አለው፤ ስሙም እስከ ዛሬ የሰፈሩ ስም ሆኖ ቀርቷል።

የአንድ ሐዲድ አክሲዮን የአገር ዕጣ መጫወቻ ሊሆን እንደሚችል የታየው በጃንዩዋሪ 1935 ነው። ላቫልና ሙሶሊኒ ሮም ላይ ሲስማሙ ፈረንሳይ 2,500 የኩባንያውን አክሲዮን ለኢጣልያ ለቀቀች። በሚቀጥለው ዓመት በሜይ መጀመሪያ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚሁ ሐዲድ ጅቡቲ ደርሰው በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፈሩ። ኢጣልያኖቹም አገሩን በያዙ ጊዜ በፍራንክ የሚከፈለው የባቡር ኪራይ አንገፍግፏቸው ከአዲስ አበባ ወደ አሰብና ወደ ምጽዋ የሚወርዱትን የመኪና መንገዶች በብርቱ ሠሩ። መንገዶቹ ለወራሪ ጦር ተሠርተው ለነጻው መንግሥት ጠቀሙ።

ከጦርነቱ በኋላ ርዳታ በሌላ መልክ መጣ። የዓለም ባንክ በ1950 ለኢትዮጵያ 5 ሚሊዮን ዶላር ለመንገድ፥ 2 ሚሊዮን ዶላር ለልማት ባንክ አበደረ፤ ባንኩ ለአፍሪቃ አገር የሰጠው የመጀመሪያ ብድር ይህ ነው። አበዳሪው ግን ገንዘቡን ብቻ ይዞ አልመጣም፤ የመንገዱ ሥራ ከሚኒስቴር ተለይቶ በራሱ በጀትና በራሱ ሥልጣን እንዲተዳደር ፈለገ። ስለዚህም የንጉሠ ነገሥት መንግሥት አውራ ጐዳና ባለ ሥልጣን በ1951 ተቋቋመ፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታትም የሚመሩት አሜሪካውያን የመንገድ ባለሙያዎች ነበሩ። የቴሌኮሙኒኬሽኑም መሥሪያ ቤት ከባንኩ ብድር ጋር በዚሁ ዓይነት ተዋቀረ።

አበዳሪ የመንግሥትን መሥሪያ ቤት እንዲህ ሊያፈርስና ሊሠራ ይገባዋልን? ጥያቄው ዛሬም የሚያከራክር ነው። ሚኒስቴሮች እጃቸው አጠረ፤ ሒሳቡ ግን ጠራ፥ መንገዱም ተሠራ፥ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶችም ሥራውን ተማሩበት። ከ1902ቱ ውል ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ግልጥ ነው፦ አሜሪካውያኑ ኋላ ወንበሩን ለአገሩ ልጆች ለቀቁ፤ የፓሪሱ ቦርድ ግን 50 ዓመት ሙሉ ከወንበሩ አልተነሣም።

በ1952 ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትዋሐድ አሰብና ምጽዋ ለኢትዮጵያ ንግድ ተከፈቱ። ጅቡቲ በ1949 ነጻ ወደብ ሆና ገንዘቧንም ከዶላር ጋር አስራ ነበርና ነጋዴው አሁን ዋጋ ከዋጋ የሚያወዳድርበት ሁለተኛ በር አገኘ። ዓመተ 1959 በተለይ ልብ ሊባል ይገባዋል። በበጋው ንጉሠ ነገሥቱ ሞስኮ ሄደው የ100 ሚሊዮን ዶላር ብድር ተስማሙ፤ ኋላ በ1967 የተከፈተው የአሰብ የዘይት ማጣሪያ የዚህ ብድር ፍሬ ነው። በኖቬምበር 12 ደግሞ ፈረንሳይ በባቡሩ ነገር አዲስ ውል ፈረመች፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ፥ ኩባንያው በኢትዮጵያ ሕግ እንዲተዳደር ሆነ፥ የአክሲዮኑም እኩሌታ የኢትዮጵያ ሆነ። ፈረንሳይ በ1902 ያልሰማችውን አቤቱታ በ1959 የሰማችው በደግነት ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ይከብዳል፤ አሰብ ባይኖር ኖሮ ይህ ውል በዚህ መልክ አይጻፍም ነበር። የኩባንያው ስም ግን ፍራንኮ ኢትዮጵያ እንደ ሆነ ቀረ።

ስሙ የተለወጠው ጅቡቲ በጁን 27 ቀን 1977 ነጻ ከወጣች በኋላ ነው። በዚያው ዓመት በኦጋዴን ጦርነት ድልድዮች ተሰብረው ባቡሩ ተቋርጦ ነበር፤ ሲጠገን በ1981 የኢትዮጵያና የጅቡቲ መንግሥታት የጋራ ድርጅት ሆነ። ከ1998 በኋላ፥ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት አሰብን ሲዘጋ፥ የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ ከመቶ 90 በላይ ወደ ጅቡቲ ዞረ። የሚያሳዝነው ጭነቱ በመጣ ጊዜ ባቡሩ አርጅቶ መገኘቱ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ለጥገና ገንዘብ ሰጠ፤ አስተዳደሩን ለውጭ ኩባንያ በኮንሴሲዮን ለመስጠትም ተሞከረ፤ ሁለቱም ታስቦ እንደ ነበረው ሳይፈጸሙ ቀሩ። ሐዲዱን ጠብቃ የተቈረቈረችው ድሬ ዳዋ ባቡሯ ሲነጥፍ ያጣችው እንጀራዋን ነው።

በ2007 አዲስ አበባ የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽንን አቋቋመች፤ በ2011ም የመርከብ፥ የማሪታይም ትራንዚትና የደረቅ ወደብ መሥሪያ ቤቶች ተጠቃለው አንድ ድርጅት ሆኑ። አዲሱ ሐዲድ በአብዛኛው በቻይና ባንክ ብድር በቻይናውያን ኩባንያዎች ተሠርቶ በጃንዩዋሪ 2017 በጅቡቲ፥ በነጋድ ጣቢያ ተመረቀ። ርዝመቱ ወደ 750 ኪሎ ሜትር ነው፤ የሚያስተዳድረው ማኅበር አክሲዮን ለኢትዮጵያ ከመቶ 75፥ ለጅቡቲ 25 ነው። የብድሩ መክፈያ ጊዜ አጭር ሆኖ በመገኘቱ በ2018 ከ10 ዓመት ወደ 30 ዓመት ተራዘመ። በዚያው ዓመት ጅቡቲ የዶራሌን የኮንቴይነር ወደብ ከዱባዩ ኩባንያ ነጠቀች፤ ነገሩም ሎንዶን ድረስ ለግልግል ዳኝነት ቀረበ።

ርዳታውም ቢሆን በዚሁ በር ነው የሚገባው። በድርቅና በጦርነት ዓመታት ለኢትዮጵያ የተላከው የአሜሪካ ስንዴ በጅቡቲ ይራገፍ ነበር። በ2025 መጀመሪያ በዋሺንግተን ስለ ውጭ ርዳታ ክርክር ተነሥቶ ገንዘቡ በድንገት ታገደ፤ ርዳታውን ያድል የነበረው መሥሪያ ቤትም ሥራው በጁላይ 1 ቀን ተቋርጦ የቀረው ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ተሰጠ። ስለ አንድ መሥሪያ ቤት መኖርና አለመኖር በሩቅ አገር የሚደረገው ክርክር የሚፈታው በዚያ አገር ሕግ ነው፤ የሚጐድለው ጆንያ ግን ከዚህ ወደብ ነው የሚጐድለው።

የአዲሱ ሐዲድ አስተዳደር በ2024 ከቻይናውያኑ ለሁለቱ አገሮች ሠራተኞች ተላለፈ። ባቡሩ በኤሌትሪክ ይሄዳል፤ ዕዳው በዶላር ይከፈላል። ከጅቡቲ ወደብ ወደ መሀል አገር ከሚወጣው ጭነት የሚበዛው ግን ዛሬም በከባድ መኪና ነው የሚጓዘው።