ላሟ በሌላ በር

ዘነበወርቅ፣ አለርት ግቢ። በ1970 እ.ኤ.አ. ለሥጋ ደዌ ጥናት የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ተመራማሪዎች አንድ የቆየ ጥያቄ ነበራቸው፦ አንገት ላይ የሚያብጠው የእጢ ቲቢ አገራችን ውስጥ ለምን በዛ? የተጠረጠረችው ላሟ ነበረች። ጥሬ ወተት እንጠጣለን፤ ከብትም የራሱ ቲቢ አለው።

በማይክሮስኮፕ ግን የሰውም የከብትም ተህዋስ ያው ቀይ ዘንግ ነው። የሚለያቸው ከዘረመላቸው የጎደለው ነው። አርዲ 9 የሚባለው ቁራጭ ካለ የሰው ነው፤ እሱም አርዲ 4ም ከሌሉ የከብት።

ተቋሙ ከአጋሮቹ ጋር ከሳንባና ከእጢ ሕሙማን የተወሰዱ 964 ናሙናዎችን ዘረመል መረመረ። ውጤቱ በ2013 ሲታተም የላሟ ድርሻ እዚህ ግባ የማይባል ሆኖ ተገኘ። (ጥሬ ወተት ጠጡ ማለቴ አይደለም።) በዚያው ላይ ከአፍሪካ ቀንድ ጋር በጥብቅ የተያያዘ አዲስ የቲቢ ዘር ተገኘ፤ ዛሬ ሰባተኛው የዘር ሐረግ ይባላል።

እኔን የገረመኝ ግን ላሟ በሌላ በር መመለሷ ነው። አማርኛችን ቲቢንም ካንሰርንም «ነቀርሳ» ይላል፤ አንዱ ነቀርሳ ለሌላው መድኃኒት የሚሆንበት ጊዜም አለ። ተመራማሪዎቹ ካልሜትና ጌራን የከብቱን የቲቢ ተህዋስ እስከ 1921 ድረስ ለ13 ዓመት፣ 230 ጊዜ ከማሳደጊያ ወደ ማሳደጊያ እያዛወሩ አዳከሙት። የቲቢ ክትባቱ ቢሲጂ የተገኘው እንዲህ ነው። በ1976 ደግሞ ካናዳ ውስጥ አልቫሮ ሞራሌስና ባልደረቦቹ ክትባቱን በቀጭን ቱቦ ፊኛ ውስጥ በመጨመር ዘጠኝ የፊኛ ካንሰር ሕሙማንን ማከማቸውን አሳወቁ።

ቢሲጂ ሕይወት ያለው ተህዋስ ነው። አልፎ አልፎ ከፊኛ አምልጦ ሳንባና ጉበት ይደርሳል፤ ታካሚውን ያተኩሰዋል፣ ላብ ያጠምቀዋል። የዘረመል መመርመሪያው ጂን ኤክስፐርት «ቲቢ አለ» ይላል እንጂ የክትባቱ ይሁን የቆየ ቲቢ አይለይም። ተህዋሱን በላቦራቶሪ ማሳደግ (ካልቸር) ሳምንታት ይፈጃል፤ ብዙ ጊዜም አይበቅልም። በቅሎ ከተገኘ ያው የጎደለውን መፈለግ ነው፦ ቢሲጂ እንደ ከብቱ አርዲ 9ም አርዲ 4ም የለውም፤ ከዚያ አልፎ አርዲ 1 ጎድሎታል። ለመዳከሙ አንዱ ዋና ምክንያት ይኸው ጉድለት ነው።

ልዩነቱ ለሐኪሙ ትልቅ ነው፤ የቲቢ መድኃኒት የሆነው ፒራዚናማይድ ቢሲጂን አይነካውም። ግን ላቦራቶሪው ይህን ሁሉ የሚፈልገው የምርመራ መጠየቂያው ወረቀት ላይ «ፊኛው ውስጥ ቢሲጂ ተሰጥቶታል» የሚል መስመር ሲኖር ነው።