ልጆችን የሰማይን ትምህርት ስለ ማስጀመር

የከዋክብት ትምህርት ትልቅ መነጽር ላለው ሊቅ ብቻ የተሰጠ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ከ12 እስከ 14 ዓመት ለሆነው ልጅ መጀመሪያ የሚያስፈልገው አንድ ቀጥ ያለ በትርና ጥቂት ትዕግሥት ነው፤ ትዕግሥቱም ከልጁ ይልቅ ለአባቱ ያስፈልጋል። ይህንንም ያወቅነው በራሳችን ስሕተት ነው።

እኛ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሳለን ባሕረ ሐሳብ ተምረናል። የፀሐይ ዓመት 365፥ የጨረቃ ዓመት 354 ቀን መሆኑን፥ የ11 ቀኑም ልዩነት ለአበቅቴ ስሌት መሠረት መሆኑን እናውቃለን። ጨረቃን ግን በጣታችን እንቆጥራት ነበር እንጂ ቀና ብለን አልመረመርናትም። ስለዚህ ልጃችን «ጨረቃ ስለ ምን ትጎድላለች?» ብሎ በጠየቀን ጊዜ፥ ሳናመነታ «የምድር ጥላ ያርፍባታል» አልነው።

ከጥቂት ቀን በኋላ በ10 ሰዓት እጃችንን ይዞ ወደ ግቢ አወጣን። ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘንብላ ነበር፤ ግማሽ ጨረቃም በምሥራቅ በኩል ከፍ ብላ ትታይ ነበር። «አባባ፥ ሁለቱም ከፊታችን ሲታዩ እርስዎ ያሉት ጥላ በየት ዞሮ ደረሰባት?» አለን። እውነቱን ለመናገር፥ ልንቆጣ ቃጣን፤ መልስ ግን አልነበረንም።

በዚያው ምሽት መብራቱን ሁሉ አጥፍተን አንድ ፋኖስ ብቻ አኖርን። ልጁ ብርቱካን በእንጨት ሰክቶ፥ ክንዱን ዘርግቶ ከፊቱ እንደያዘ በቆመበት ዞረ። ፋኖሱ ፀሐይ፥ የልጁ ራስ ምድር፥ ብርቱካኑ ጨረቃ ነበረ። ብርቱካኑ በፋኖሱ አቅጣጫ ሲሆን ወደ ልጁ ያለው ገጽ ጨለመ፤ ወደ ጎን ሲሆን ግማሹ በራ፤ ፋኖሱን ከጀርባው አድርጎ ብርቱካኑን ከፍ ሲያደርገው ሁለንተናው በራ። ዝቅ ባደረገው ጊዜ ግን የራሱ ጥላ ሸፈነው። የምድር ጥላ ሥራ ይህ ብቻ ነው፤ ይኸውም የጨረቃ ግርዶሽ ነው። የጨረቃ መንገድ 5 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ስለ ሆነ በየወሩ አይደርስም። (ብርቱካኑን ታናሽ እኅቱ በላችው።)

የበትሩ ነገር ቀላል ነው። በአዲስ አበባ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ፀሐይ በቀትር በአናት ላይ ስለምትሆን የተተከለ በትር ጥላ ያጣል፤ በመካከሉ ባሉት ወራት ግን የቀትር ጥላው ወደ ደቡብ ይወድቃል። ሰዓታችን ከከተማው በስተ ምሥራቅ ባለው በ45ኛው ዲግሪ መስመር የተቃና ነውና፥ በእነዚያ ቀኖች ጥላው የሚጠፋው በ6 ሰዓት ሳይሆን በ6 ከ25 ደቂቃ ገደማ ነው። ልጃችን በትሩን ከበራችን ፊት ለፊት ተክሎ ሚያዝያ 5 ቀንን ይጠብቃል፤ የኪስ ሰዓታችንንም ከአሁኑ ለምኖናል።