ከጐረምሳ ልጅ ጋር በብርድ ወራት የጀርመንን ከተማ ስለ መጐብኘት

ልጅ በሕፃንነቱ ወራት ወላጆቹ ወደ ወሰዱት ሁሉ ይሄዳል፤ ወዴት እንደሚወስዱትም አይጠይቅም። ዐሥራ አራትና ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው ግን ነገሩ ይለወጣል። አካሉ ከቤተ ሰቡ ጋር በማዕድ ይቀመጣል፤ አሳቡ ግን ከባልንጀሮቹ ዘንድ ነው። ሲጠሩት ‹‹አቤት›› ይላል፤ ሲጠይቁት ግን መልሱ ካንድ ቃል አያልፍም። ጥቂት ዓመት ቈይቶም ለትምህርት ወይም ለሥራ ከቤት ይወጣል። ስለዚህ በዚህ ዕድሜ ከልጅ ጋር አብሮ መጓዝ ከመዝናናት የበለጠ ጥቅም አለው። አባትና ልጅ፥ እናትና ልጅ ጐን ለጐን ተቀምጠው ያለ ችኰላ የሚነጋገሩበት ጊዜ ከእንግዲህ ወዲያ እያነሰ የሚሄድ ነውና።

ከክቡራን አንባቢዎቻችን መካከል ለሥራ ጉዳይ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ወደ አውሮፓ የሚሄዱ ጥቂቶች አይደሉም። ከነዚህም ውስጥ በብርድ ወራት ልጃቸውን ይዘው ለአምስት ወይም ለስድስት ቀን አንዱን የጀርመን ከተማ ለመጐብኘት ለሚያስቡት የሚጠቅም ምክር በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን አሰናድተን እናቀርባለን። ወደ ፊት የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

እኛ ‹‹ክረምት›› ስንል ዝናብንና ጭቃን እናስባለን። የጀርመኖች ክረምት ግን ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት መጨረሻ ድረስ፥ ማለት የእኛ በጋ ሲሆን ነው። በዚህም ጊዜ እንግዳን ከብርዱ ይልቅ የሚያስደንቀው የቀኑ ማጠር ነው። በታኅሣሥ አጋማሽ ግድም በበርሊን ከተማ ፀሐይ የምትወጣው በአገሩ ሰዓት ከጧቱ 8 ሰዓት ከሩብ ገደማ ሲሆን የምትጠልቀው 4 ሰዓት ሳይሞላ ነው። ይህም በእኛ የሰዓት አቈጣጠር ቢነገር ከጧቱ 2 ሰዓት ከሩብ ጀምሮ ከቀኑ 10 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ እስኪቀረው ድረስ መሆኑ ነው። ሚዩኒክ ወደ ደቡብ ስለ ሆነች ከበርሊን ይልቅ ከግማሽ ሰዓት በላይ ብርሃን ታገኛለች። እንግዲህ በሜዳ የሚታየውን ሁሉ በብርሃን፥ በቤት ውስጥ የሚታየውን ከዚያ በኋላ ማድረግ የዕቅድ ሁሉ መጀመሪያ ነው።

ስለ ጐረምሳ እንቅልፍ አብዝተው ለሚያዝኑ ወላጆች ግን ይህ የብርሃን ማጠር የምሥራች ያዘለ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ አምሽቶ መተኛቱና አርፍዶ መነሣቱ ከስንፍና ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ አካሉ ሲያድግ የእንቅልፉም ሰዓት ወደ ኋላ እንደሚገፋ ሐኪሞች አረጋግጠዋል። በሐምሌ ቢሆን ኖሮ እርሱ በተኛበት የቀኑ እኩሌታ ያልፍ ነበር። በታኅሣሥ ግን ፀሐይዋ ራስዋ አርፍዳ ስለምትነሣ፥ ልጁ ተነሥቶ ቍርሱን እስኪበላ ድረስ የቀረ ነገር የለም። ስለዚህ አባትና ልጅ በማለዳ ሳይጣሉ ቀኑን ሊጀምሩ ይችላሉ።

ሁለተኛው ምክራችን ከተማን ስለ መምረጥ ነው። ‹‹ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም›› ይባላል። ከወዳጆቻችን አንዱ የሆኑ አባት ለልጃቸው በስድስት ቀን ውስጥ አራት ከተሞች ሊያሳዩት አስበው በየማለዳው ሻንጣ ሲያነሡና ሲጥሉ ሰነበቱ። ከተመለሱ በኋላ ልጁ ከሁሉ የትኛውን እንደ ወደደ ቢጠየቅ ‹‹በባቡር ውስጥ የተኛሁትን እንቅልፍ›› ብሎ መለሰ። ለስድስት ቀን አንድ ከተማ፥ ቢበዛም በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የሚታይ ሌላ ጐረቤት ከተማ መጨመር ይበቃል። የትኛውን መምረጥ እንደሚገባ የሚያስታውቀውም የልጁ ጠባይ ነው።

መኪናና ሞተር የሚወድ ልጅ ወደ ሚዩኒክ ይሂድ። በዚያ በኢዛር ወንዝ ደሴት ላይ የታነጸው የጀርመን ቤተ መዘክር አለ። እርሱም መሐንዲሱ ኦስካር ፎን ሚለር በ1903 የመሠረተው፥ ሕንፃውም በ1925 የተከፈተው ታላቅ የጥበብ ቤት ነው። ከእድሳት በኋላ አንደኛው ወገን በ2022 ተከፍቷል፤ የሌላው ወገን እድሳት ግን እስከ 2028 ይዘልቃል ተብሎ የታቀደ ስለ ሆነ ልጁ ሊያየው የተመኘው ክፍል ክፍት መሆኑን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። የቤ ኤም ቬ ፋብሪካ ቤተ መዘክርም በዚያው ከተማ ነው። በ2005 የተከፈተውና 75,000 ሰው የሚይዘው የአሊያንዝ አሬና የኳስ ሜዳም የብዙ ልጆች ምኞት ነው። ሆኖም የጀርመን የእግር ኳስ ማኅበሮች በገና ሰሞን ለጥቂት ሳምንት የሚያርፉ ስለ ሆኑ፥ ጨዋታ ለማየት የሚያስብ ሰው ቀኑን አስቀድሞ ይመልከት።

ታሪክ የሚወድ ልጅ በርሊንን ይመርጣል። በ1961 ተሠርቶ ኅዳር 9 ቀን 1989 የተከፈተው የበርሊን ግንብ ቅሬታ፥ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለውና በሥዕል የተሸለመው፥ በሽፕሬ ወንዝ ዳር ይታያል። በፓርላማው ሕንፃ ራስ ላይ ያለውን የመስተዋት ጕልላት መውጣት ያለ ክፍያ ነው፤ ነገር ግን ስምን አስቀድሞ ማስመዝገብ ያስፈልጋል። በተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክርም ከ13 ሜትር በላይ ቁመት ያለው የዳይኖሰር አጥንት ቆሟል። ይህም ከ1909 እስከ 1913 ጀርመኖች በምሥራቅ አፍሪካ፥ ዛሬ ታንዛንያ በምትባለው አገር ከተንዳጉሩ ቈፍረው የወሰዱት ነው። የአንዱ አገር ቅርስ በሌላው አገር እንዴት ተገኘ የሚለውን ጥያቄ ልጁ ራሱ ሳያነሣው አይቀርም፤ ቢያነሣም መልካም ነው። በበርሊን የመንግሥት ቤተ መዘክሮች ዕድሜያቸው 18 ዓመት ያልሞላ ልጆች ያለ ክፍያ ይገባሉ። ስመ ጥሩው የፔርጋሞን ቤተ መዘክር ግን ከ2023 ጥቅምት ወር ጀምሮ ለእድሳት ተዘግቷል፤ በከፊል ይከፈታል ተብሎ የታቀደውም በ2027 ነው።

በእጁ ሥራ የሚደሰትና መርከብ የሚወድ ልጅ ደግሞ ሐምቡርግን ይይ። በዚያ በ2001 የተከፈተውና ሚኒያቱር ቩንደርላንድ የሚባለው፥ በዓለም ላይ ተወዳዳሪ የሌለው የትንንሽ ባቡሮች ትርኢት አለ። የሚገኝበትም የድሮ የዕቃ መጋዘኖች ሰፈር ከ2015 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በገና በዓል ሳይቀር የማይዘጋ ስለ ሆነ ሌላው ሁሉ በተዘጋ ቀን መጠጊያ ይሆናል።

ለእኛ አገር ልጅ ደግሞ ሌላ የሚያኰራ ነገር አለ። በቱሪንጊያ አውራጃ ጎታ የምትባል ትንሽ ከተማ ትገኛለች። በ1652 የአምሐራው ሰው አባ ጎርጎርዮስ የመስፍኑ የኤርንስት እንግዳ ሆነው ወደዚያው ቤተ መንግሥት መጥተው ነበር፤ በዚያም ሊቁን ኢዮብ ሉዶልፍን የግዕዝንና የአማርኛን ነገር አስተምረውታል። ሉዶልፍም ከዚህ ትምህርት የተነሣ በ1698 በፍራንክፈርት የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። ልጅዎ በዚያ ግቢ ቆሞ፥ አውሮፓዊው ሊቅ በኢትዮጵያዊው መምህር ፊት ተማሪ ሆኖ እንደ ተቀመጠ ቢሰማ፥ ስለ ራሱ ያለው ግምት ሳይታበይ ከፍ ይላል።

አሁን ደግሞ ወደ ቀን መቍጠሪያው እንመለስ። የጀርመኖች ገና በአብዛኛው ዓመት የሚውለው በእኛ ታኅሣሥ 16 ቀን ነው። እጅግ የተወደዱት የገና ገበያዎች ከኅዳር ወር አጋማሽ በኋላ ተከፍተው ብዙዎቹ በበዓሉ ዋዜማ ይዘጋሉ። የድሬስደን ገበያ ከ1434 ጀምሮ የቆየ ነው፤ በኑረንበርግም ትልቁ ገበያ በዋናው አደባባይ ይቆማል። ስለዚህ ገበያውን ለማየት የሚሻ ሰው ከበዓሉ በፊት ይሂድ፤ ከበዓሉ ማግስት የደረሰ ባዶ አደባባይ ያገኛል። ወራቱ የጾመ ነቢያት ወራት ስለ ሆነ፥ የሚጾም ቤተ ሰብ በስኳር የተለበሰ ለውዝና የተጠበሰ ድንች ሳያጣ ሊያመሽ ይችላል። በዓሉ በዋለበት ቀንና በማግስቱ ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው፤ በእሑድም እንዲሁ። ብዙ ቤተ መዘክሮች ደግሞ ሰኞ ይዘጋሉ። እንግዲህ እሑድን ለቤተ መዘክር፥ ሰኞን ለገበያና ለመንገድ ማድረግ ብልኅነት ነው። በአዲሱ ዓመታቸው ሌሊት በየመንገዱ ርችት ስለሚተኰስ ልጁን ከአጠገብ አለማራቅ ይገባል።

ስለ ወረቀት ጉዳይ፥ ለቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው ቀን ከስድስት ወር በፊት አይቀርብም፤ ከ15 ቀንም ወዲህ መዘግየት የለበትም። የበዓል ሰሞን ጠያቂው የሚበዛበት ስለ ሆነ ቀደም ማለት ይሻላል። ዕድሜው 12 ዓመት የሞላው ልጅ እንደ ዐዋቂ 90 ዩሮ ይከፍላል። ለሕክምና ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መድን ያስፈልጋል። ከወላጆቹ ከአንዱ ጋር ብቻ የሚሄድ ልጅም የሌላውን ወላጅ ፈቃድ በጽሑፍና የልደት ምስክር ወረቀት ሊይዝ ይገባዋል። በባቡር በኩል እስከ 14 ዓመት ያለ ልጅ ከወላጁ ጋር በነጻ ይሄዳል፤ 15 ከሞላው ግን ቲኬት ይገዛል።

ስለ ልብስም፥ አንድ ከባድ ካፖርት ብቻ ከመያዝ በውስጡ የሚደራረቡ ሁለት ሦስት ስስ ልብሶች መልበስ ይሻላል። ቤቱ ሁሉ በእሳት ኀይል የሞቀ ስለ ሆነ ከገቡ በኋላ ማውለቅ ግድ ነውና። ከሁሉ በፊት ግን ውኃ የማያስገባ ጫማ ይገዛ፤ እግሩ የራሰ ልጅ ቤተ መንግሥትም ቢያሳዩት አያይም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ምክራችን ይህ ነው። ዕቅዱን ለልጁ ሠርታችሁ አትስጡት፤ ከእርሱ ጋር ሥሩት። ካርታውን በፊቱ ዘርጉ። ከስድስቱ ቀን አንዱን ሙሉ ቀን ለእርሱ ልቀቁለት፤ የተወሰነ ገንዘብም በእጁ ስጡትና የምሳውን፥ የባቡሩን፥ የመግቢያውን ሁሉ እርሱ ያስብ። በዚያ ቀን አባትና እናት ተከታይ ይሁኑ፤ መንገድ ቢሳሳትም ፈጥነው አያርሙት። ቤቱን ነገ የሚመራ ሰው ዛሬ አንድ ቀን መምራት ይገባዋል። ስለ ስልኩም አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ በማዕድ ጊዜ የሁላችሁም፥ የአባትዬውም ጭምር፥ ከኪስ አይውጣ።

አንድ ከባድ ነገር ይቀራል። በሚዩኒክ አጠገብ በ1933 የተከፈተው የዳኻው የእስረኞች ሰፈር፥ በበርሊንም አጠገብ በ1936 የተሠራው የዛክሰንሐውዘን ሰፈር ዛሬ የመታሰቢያ ስፍራዎች ናቸው። ልጁን ወደዚያ በድንገት መውሰድ አይገባም፤ ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ ተነግሮት በፈቃዱ ይሂድ። የሄደበትም ቀን ሌላ ጨዋታ አይጨመርበት። ከሚዩኒክ በፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት ያህል በምትርቀው በኑረንበርግም የ600 ቍጥር የፍርድ አዳራሽ ይጐበኛል። በ1945 እና በ1946 በዚያ የናዚ መንግሥት ታላላቅ ሹማምንት ቀርበው ተፈረደባቸው፤ ማስረጃ ያልበቃባቸውም ሦስቱ በነጻ ተለቀቁ። የዚያ ችሎት ደንብ ‹‹ከበላዬ ታዝዤ ነው›› የሚለው ምክንያት ከተጠያቂነት እንደማያድን አስታውቋል። ይህን ነገር ከመንግሥት ሠራተኛ ቤት የተወለደ ልጅ በዐሥራ አምስት ዓመቱ ከአባቱ ጐን ቆሞ ቢሰማው፥ አባትየውም አብሮ ቢሰማው፥ ከብዙ ተግሣጽ ይበልጣል። በጀርመን ያለው ትልቁ ትርኢትም ምናልባት ይህ ነው፤ አንድ ሕዝብ የገዛ ነውሩን ሳይሸፍን ለልጆቹ ማሳየቱ።

ማታ ወደ ማረፊያችሁ ስትመለሱ ‹‹ምን ተማርህ?›› ብላችሁ አትመርምሩት፤ ጐረምሳ ፈተና የመሰለውን ጥያቄ ሁሉ ይሸሻል። ይልቅስ ‹‹ታናሽ ወንድምህን ብታመጣው ኖሮ መጀመሪያ ወዴት ትወስደው ነበር?›› በሉት። መስኮቱ ጨልሟል፥ ውጭው በርዷል፥ የሚኬድበትም ሌላ ቦታ የለም። በዚያ ረጅም ምሽት ካንድ ቃል የሚያልፍ መልስ ልታገኙ ትችላላችሁና፥ በትዕግሥት ጠብቁት።