ተጠየቅ፦ የተራ ተመራጭ ጥያቄ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት

በፋኩልቲው ሕዝባዊ የገለጻ መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ



ገለጻዬን ከቆላ ድባ እጀምራለሁ። ከጎንደር ወደ ጎርጎራ የሚወስደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ከተማዋን ያውቃታል፤ የደምቢያ ሜዳ ከፊቷ ተዘርግቶ እስከ ጣና ዳር ይደርሳል። ከዓመታት በፊት እዚያ በተደረገ አንድ የመራጭ ተመራጭ ውይይት ላይ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ተመራጩ የሕዝቡን ጥያቄ በማስታወሻ ደብተር እየጻፈ ሳለ አንድ አዛውንት ተነሡና፣ «ልጄ፣ ያምናውን ጥያቄያችንን ምን አሉህ?» አሉት። «ለሚመለከተው አካል አድርሻለሁ፣ አባቴ» አለ። አዛውንቱ አልተቀመጡም። «ማድረሱንስ አድርሰሃል፤ ምን አሉህ ነው የምልህ» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ተመራጩም ፈገግ አለ፤ መልስ ግን አልነበረውም።

ሰውየውን ለመውቀስ አይደለም ይህን የማነሣው። በቅንነት የሚሠራ ሰው ይመስለኛል፤ ደብተሩም እንደ ሞላ አይቻለሁ። የዛሬው ነጥቤ በማድረስና በመጠየቅ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ከሥራ አስፈጻሚው ወንበር የሌለው፣ ቋሚ ኮሚቴም የማይመራ ተራ የምክር ቤት አባል በእጁ ያለው ዋና መሣሪያ ጥያቄ ነው። ያ ጥያቄ በእኛ ምክር ቤት ወደ አቤቱታነት ተለውጧል ብዬ እከራከራለሁ። አቤቱታ ባለሥልጣኑ ሲፈቅድ የሚመልሰው ነው፤ ጥያቄ ግን መልሱን በግድ ይፈልጋል፤ መልሱ ካላረካም ሌላ ጥያቄ ያስከትላል።

ልዩነቱን ከውጭ አገር መጻሕፍት መማር አያስፈልገንም። ቀደም ሲል በአገራችን ባላጋራዎች በዳኛ ፊት በ«ተጠየቅ ልጠየቅ» እና በ«በላ ልበልሃ» ይሟገቱ እንደ ነበር ታውቃላችሁ። አንዱ «ተጠየቅ!» ሲለው ሌላው ዝም ማለት አይችልም፤ መልሱም ወዲያው ይመረመራል፣ በተራውም ይጠይቃል። ዋስ እየተጠራ፣ ውርርድ እየተገጠመ ቃል ከቃል ይፋጠጣል። ዛሬ በየሰነዱ የምንጽፈው «ተጠያቂነት» የሚለው ቃል ከዚሁ ግስ የመጣ ነው። ቃሉ እንደሚነግረን ተጠያቂ ማለት የሚጠየቅ ሰው ነው። የሚጠይቀው ሲጠፋ ወይም አንድ ጊዜ ብቻ እንዲናገር ሲፈቀድለት ቃሉ ፍቺውን ያጣል።

ሕገ መንግሥቱ በዚህ ረገድ ደካማ አይደለም። አንቀጽ 54 የምክር ቤት አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች መሆናቸውን ይደነግግና ተገዥነታቸውን ለሦስት ነገሮች ብቻ ያደርገዋል፤ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናቸው። ተማሪዎቼን ሁልጊዜ በዝርዝሩ ውስጥ የሌለው ማን እንደሆነ እጠይቃቸዋለሁ። ፓርቲ የለም። ይኸው አንቀጽ አባሉ በምክር ቤቱ ውስጥ በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት እንዳይከሰስ ይጠብቀዋል፤ እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀርም ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም። በአንቀጽ 55 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን የመጥራት፣ የመጠየቅና የአስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን አለው። ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ሲጠይቁም ለአስፈጻሚው በተሰጠ ማናቸውም ጉዳይ ላይ መወያየት አለበት። ከ547 ወንበር አንድ ሦስተኛው ወደ 183 ሰው ነውና፣ ለብቻው ወይም ከጥቂት ባልደረቦቹ ጋር የቆመ አባል ይህን በር አይከፍትም። የሚቀረው የጥያቄው ሰዓት ነው።

ያ ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ በቴሌቪዥን አይታችኋል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በዓመት ጥቂት ጊዜ ይቀርባሉ፤ አባላቱ ተራ በተራ ጥያቄያቸውን ያሰማሉ፤ ሁሉም ከተሰማ በኋላ ለሰዓታት የሚዘልቅ ማብራሪያ ይሰጣል። ማብራሪያው አንዳንዴ ትምህርት ሰጪ ነው፤ ይህን አልክድም። ሆኖም አንዲት የመንገድ ወይም የእስር ጥያቄ በዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ ተዘልላ ብታልፍ ጠያቂዋ ተመልሳ «የእኔ አልተመለሰም» የምትልበት ሥርዓት የለም። ይህ ነው ትልቁ ጉድለት። ሰው ጉድለቱን በጠያቂው ድፍረት ማነስ ወይም በመላሹ ቁጣ ሲተረጉመው እሰማለሁ። እኔ በአሠራሩ ውስጥ ነው የማየው።

ድፍረት የነበራቸውን እንመልከት። ከ2002 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ አቶ ግርማ ሰይፉ በምክር ቤቱ ብቸኛው የተቃዋሚ ፓርቲ ተመራጭ ሆነው አምስት ዓመት ተቀመጡ። የአንድ ሰው ድምፅ ምንም ሕግ አያስቀርም፤ ሰውየው የተናገሩት ግን በቃለ ጉባኤ ገብቷል። በ2007 ዓ.ም. ምርጫ ያ አንድ ወንበር እንኳ ጠፍቶ ገዢው ግንባርና አጋሮቹ 547ቱንም ያዙ። በ2013 ዓ.ም. ምርጫ ብልጽግና ፓርቲ 410 ወንበር ሲያገኝ አብን 5፣ ኢዜማ 4፣ የጌዴኦ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት 2፣ የግል ተወዳዳሪዎች ደግሞ 4 አገኙ። ከባሕር ዳር የተመረጡት የአብን አባል ዶክተር ደሳለኝ ጫኔ መጋቢት 19 ቀን 2015 ዓ.ም. በአገሪቱ ስለነበረው የደኅንነትና የፍትሕ ችግር አንሥተው፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ስለ መልቀቅ ያስቡ እንደሆነ ፊት ለፊት ጠየቁ። በይዘቱ መስማማት አለመስማማት የእናንተ ነው። እኔን የሚገርመኝ ብዙ ሰው ጥያቄውን ራሱን እንደ ነውር መቁጠሩ ነው። መንግሥት በምክር ቤት አብላጫ ድምፅ በሚቆምበት ሥርዓት ከዚህ የበለጠ የተለመደ ጥያቄ የለም።

ከአምስት ወር በኋላ፣ ነሐሴ 8 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በአማራ ክልል ግጭት ምክንያት የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለምክር ቤቱ ቀረበ። በ16 ተቃውሞና በ12 ድምፀ ተአቅቦ ጸደቀ። ቅድም የጠቀስሁትን የወንበር ቁጥር አስታውሱና ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት፤ ከተቃዋሚዎቹና ከግል ተመራጮቹ ሌላም እጁን ለድጋፍ ያላነሣ ሰው ነበር። በዚያው ሰሞን የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴን ይመሩ የነበሩት የምክር ቤት አባል አቶ ክርስቲያን ታደለ ታሰሩ። ምክር ቤቱ ያለመከሰስ መብታቸውን ያነሣው ከወራት በኋላ ነበር። ስለ ክሱ ፍሬ ነገር እዚህ አልናገርም፤ የፍርድ ቤት ነው። ስለ ቅደም ተከተሉ ግን የሕግ መምህር ዝም ሊል አይገባውም። ያለመከሰስ መብት ለሰውየው የተሰጠ ሽልማት አይደለም፤ የመረጠው ሕዝብ ጥያቄ ሳይሰማ እንዳይታሰር የተበጀ አጥር ነው። አጥሩ ከታለፈ በኋላ የሚሰጥ ፈቃድ የአጥርን ሥራ አይሠራም።

«ታዲያ ከ400 በላይ የሆኑት የገዢው ፓርቲ ተመራጮች ምን ያድርጉ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ለዚህ የሕንድን ታሪክ እመርጣለሁ። በ1957 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፌሮዝ ጋንዲ የሚባል የገዢው ኮንግረስ ፓርቲ ተራ አባል፣ ያውም የጠቅላይ ሚኒስትር ኔህሩ አማች፣ የመንግሥት የሕይወት መድን ድርጅት በአንድ ነጋዴ ኩባንያዎች ላይ ስላፈሰሰው ገንዘብ በምክር ቤት አነሣ። ጉዳዩ በአንድ ዳኛ በሚመራ ኮሚሽን በአደባባይ ተመረመረ፤ የገንዘብ ሚኒስትሩ በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ሥልጣን ለቀቁ። ፌሮዝ ጀግና ስለነበረ ብቻ አልተሳካለትም። በሕንድ ምክር ቤት የስብሰባው የመጀመሪያ ሰዓት ለጥያቄ የተመደበ ነው፤ የቃል መልስ በተሰጠ ቁጥርም ተከታይ ጥያቄ ይፈቀዳል። ሚኒስትር የሚፈራው የመጀመሪያውን ሳይሆን ሁለተኛውን ጥያቄ ነው፤ የመጀመሪያውን ጸሐፊዎቹ አዘጋጅተውለታልና።

ወደ ደምቢያ ልመለስ። በ1945 ዓ.ም. ገደማ በዚያ ሜዳ የገባው የወባ ወረርሽኝ ወደ 7 ሺህ የሚገመት ሰው ፈጅቷል። ያን ጊዜ በሕዝብ የተመረጠ ምክር ቤት አልነበረም፤ ያም ሆኖ መከራው ተሰምቶ በ1947 ዓ.ም. ገደማ ጎንደር ላይ የጤና ባለሙያ ማሠልጠኛው ኮሌጅ ሥራ ጀመረ። ዛሬ የአካባቢው ጥያቄ ሌላ ነው። ጣናን ያስጨነቀው እምቦጭ ከአሥር ዓመት በላይ አስቀድሞ መጀመሪያ የታየው በመገጭ ወንዝ መግቢያ አካባቢ ነው። በዚያው ወንዝ ላይ ለመስኖና ለጎንደር የመጠጥ ውኃ የታሰበው የመገጭ ግድብ በ2005 ዓ.ም. አካባቢ ተጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ ተጓተተ። ስለ ግድቡ በምክር ቤት አልተጠየቀም የሚል ካለ ይሳሳታል፤ ተጠይቋል፣ ደጋግሞም። «በቅርቡ» ተብሎ ሲመለስ ግን «በቅርቡ ማለት በየትኛው ወር ነው? ያለፈው ቀን ለምን ታለፈ? የተከፈለው ገንዘብ ስንት ነው?» ብሎ ለማስከተል መንገድ አልነበረም። አዛውንቱ በቆላ ድባ አዳራሽ ያደረጉት ይህንኑ ነበር፤ ያቀረቡት ተከታይ ጥያቄ ነው።

ጥያቄ መንገድ ሲያጣ ምን እንደሚሆን የጣና ማዶ ታሪክ ያሳያል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በፓርላማ በኩል አልፎ ወጣ። በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት መሠረት እንደራሴዎቹ በሕዝብ የተመረጡ ቢሆኑም በምርጫ ወረዳቸው ንብረት ያላቸው መሆን ነበረባቸው፤ ሚኒስትሮችም ተጠሪነታቸው ለንጉሠ ነገሥቱ ነበር። የጎጃም ገበሬ አዋጁን የርስቱ መነጠቂያ አድርጎ አየውና መሣሪያ አነሣ። ብዙ ደም ፈሰሰ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተዛወሩ፤ ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ። ማለትም መልሱ መጣ፤ ግን ያመጣው እንደራሴው አልነበረም።

ለማሻሻል ሕገ መንግሥት መንካት አያስፈልግም። የምክር ቤቱን የአሠራር ደንብ ማሻሻል ይበቃል፤ ለእያንዳንዱ ጠያቂ አንድ ተከታይ ጥያቄ መፍቀድ፣ ያልተመለሰው በተቆረጠ ቀን በጽሑፍ እንዲመለስ ማስገደድ፣ ጥያቄና መልሱን በምርጫ ክልል ለይቶ ማሳተም። ሦስተኛው ርካሹ ነው፤ እኔም የምወደው እሱን ነው። የቆላ ድባ ሰው ከተመራጩ ደብተር ውጭ ያምናውን ጥያቄ የሚያይበት ወረቀት ይኖረዋልና። አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህ ሁሉ ፓርቲው ካልፈቀደ ከንቱ ነው ይሉኛል። በከፊል እስማማለሁ፤ የፓርቲ ሥነ ሥርዓት ከደንብ ይልቅ ከባድ ነው። ነገር ግን የፓርቲ አባል የሆነ ተመራጭም የሚመለስበት አዳራሽ አለው፤ እዚያ የሚያስነብበው የጽሑፍ መልስ ቢኖረው በፓርቲው ስብሰባ ላይ የሚናገርበት አንደበት ያገኛል ብዬ አምናለሁ።

ሰዓቴን ጨርሻለሁ። አሁን መድረኩ የእናንተ ነው፤ መልሴ ያላረካው ሰው ተከታይ ጥያቄ ማንሣት ይችላል።