ቅርንጫፍ በሌለበት ከተማ ምግብ ቤት እንዴት ይወዳደራል?

ከቤት ውጭ ስለ መመገብ በሌላው ዓለም ጋዜጦችና መጽሔቶች ላይ በብዛት የምናገኘው ጽሑፍ ማወዳደሪያ ነው። የእገሌ በርገር ከእገሌ ይሻላል፣ የዚህኛው ድንች ጥብስ ጨው በዝቶበታል፣ የዚያኛው መስተንግዶ ቀንሷል እየተባለ ይጻፋል። ተወዳዳሪዎቹም አብዛኛውን ጊዜ በየከተማው ቅርንጫፍ ያላቸው ሰንሰለታማ ምግብ ቤቶች ናቸው። እንግዲህ ይህን ዓይነቱን ጽሑፍ ወደ አዊ ዞን ለማምጣት የሚፈልግ ሰው ገና ከመነሻው ይቸገራል። ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ያለውን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ቀኑን ሙሉ ቢመላለስበት ማክዶናልድስም ሆነ ፒዛ ሃት አያገኝም። የሚያገኘው የባለቤቷ ስም የተጻፈበት፣ አንዳንዴም ምንም ያልተጻፈበት ምግብ ቤት ነው። ታዲያ የሚወዳደር ነገር የለም ማለት ነው? በእኔ እምነት አለ፣ ለዚያውም ከበርገሩ የበለጠ። ይህን ለማስረዳት ግን ሰንሰለታማ ቤት የሚሸጠው ምን እንደሆነ አስቀድመን እንይ።

የማክዶናልድ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1940 ሳን በርናርዲኖ በተባለች የካሊፎርኒያ ከተማ ቤታቸውን ከፈቱ። በ1948 የምግብ ዝርዝራቸውን አሳጥረው ማዕድ ቤቱን እንደ ፋብሪካ አደራጁት፤ አንዱ ሥጋ ይጠብሳል፣ ሌላው ድንች ያወጣል፣ ሦስተኛው ይጠቀልላል። በ1955 ሬይ ክሮክ የተባለ ነጋዴ ሥራውን ተቀላቅሎ ይኸንኑ አሠራር በየከተማው አባዛው። የኩባንያው መመዘኛ ጥራት፣ መስተንግዶ፣ ንጽሕና እና ለገንዘቡ የሚመጥን ምግብ የሚል ነበር። ቁም ነገሩ ግን ከአራቱም ጀርባ ያለው ነው። ትናንት የበላኸውን ዛሬ፣ እዚያ የበላኸውን እዚህ ታገኛለህ። ሰንሰለታማ ቤት በዋናነት የሚሸጠው አለመለዋወጥን ነው። ምግቡ በጣም ጣፋጭ ላይሆን ይችላል፣ ግን አያስደነግጥህም።

አገራችንም ለዚህ አሠራር ፍጹም ባዕድ አይደለችም። ቶሞካ እ.ኤ.አ. በ1953 ፒያሳ ላይ ቡና መቁላትና ማፍላት ጀምሮ ዛሬ በአዲስ አበባ በርካታ ቅርንጫፎች አሉት። ካልዲስ ኮፊ ምልክቱና አሠራሩ ከአሜሪካኑ ስታርባክስ ጋር በጣም ከመመሳሰሉ የተነሳ ኒውዮርክ ታይምስ በ1997 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ላይ ዘግቦበታል። የካንሳሱ ፒዛ ሃትም በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብቷል። እዚያ ያለ ጋዜጠኛ የቦሌውን ቅርንጫፍ ከሌላው ጋር ማነጻጸር ይችላል።

እኛ ዘንድ ሰንሰለቱ ምግቡ ራሱ ነው። እስቲ አስቡት፤ ተጋቢኖ፣ ፍርፍር፣ ጥብስ፣ በያይነቱ የሚሉ ቃላት ከሞያሌ እስከ ጎንደር በየምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ አሉ። አንድም ዋና መሥሪያ ቤት አላዘዘም፣ አንድም ኩባንያ የአሠራር መመሪያ አልበተነም፤ ሆኖም ማንኛውም ሰው ተጋቢኖ ብሎ ሲያዝ ምን እንደሚመጣለት ያውቃል። በትንሽ ሸክላ ድስት እየተንተከተከ የሚመጣ ወፍራም ሽሮ ነው። እንግዲያው ማወዳደር የሚቻለው ምግቡን አንድ አድርጎ ቤቱን በመለዋወጥ ነው። የአንዱን ክትፎ ከሌላው ሽሮ ጋር አስተያይቶ ይኼኛው ይበልጣል ማለት ግን ወሬ ነው፣ ማወዳደር አይባልም።

በሙያው የቀደሙት ሰዎች ለዚህ ሥራ ደንብ አበጅተውለታል። ሚሼሊን የተባለው የፈረንሳይ ጎማ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1900 ለባለ መኪኖች መመሪያ መጽሐፍ አሳተመ፤ ሐሳቡ ሰው ብዙ ሲነዳ ጎማ ይጨርሳል የሚል ነው (ብልጥ ነጋዴ ማለት ይህ ነው!)። በ1926 ለምግብ ቤቶች ኮከብ መስጠት ጀመረ። መርማሪዎቹ ማንነታቸውን ሳይገልጡ ገብተው፣ በልተው፣ ሂሳባቸውን ከፍለው ይወጣሉ። ከ1957 ጀምሮ የኒውዮርክ ታይምስ የምግብ አዘጋጅ የነበረው ክሬግ ክሌይቦርንም በተመሳሳይ መንገድ ሄዷል፤ ሂሳቡን ጋዜጣው ይከፍላል፣ ጸሐፊው አንድ ቀን በልቶ አይፈርድም፣ ይመላለሳል።

እኔም አቅሜ በፈቀደ መጠን ይህንኑ ለመከተል ሞክሬያለሁ። ሁለት ቤት ከእንጅባራ፣ ሁለት ቤት ከዳንግላ መርጬ እያንዳንዳቸው ጋ ሦስት ሦስት ጊዜ ሄድኩ። በጾም ቀን ተጋቢኖ፣ በፍስክ ቀን ጥብስ አዘዝኩ። ሦስተኛውን ጉብኝት ሆን ብዬ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ አደረግሁት፤ የምሳ ግርግር ካለፈ በኋላ የሚመጣ ሰው የቤቱን እውነተኛ ጠባይ ያያል ብዬ ስላሰብኩ ነው።

ከሁሉ በፊት የሚፈተነው እንጀራው ነው። ወጡ ምንም ያህል ቢጣፍጥ እንጀራው ከተበላሸ ምሳው ተበላሽቷል። ጥሩ እንጀራ ዓይኑ በእኩል የወጣ፣ ሲጠቀለል የማይሰበር፣ ጀርባው እጅ ላይ የማይጣበቅ ነው። ይህ ሁሉ በእርሾውና በአብሲቱ ይወሰናል። አብሲት ማለት ከቦካው ሊጥ ተቀንሶ በፈላ ውሃ ተገንፍቶ ተመልሶ የሚጨመረው ነው፤ እሱ ከተዘለለ ወይም ከተቸኮለ ዓይኑ ይጠፋል። እዚህ ላይ ከተሞቹ ራሳቸው ይለያያሉ። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ይበልጣል፣ ዳንግላ ደግሞ ከ2,100 ሜትር ጥቂት ከፍ ይላል። በብርድ ሊጥ ቀስ ብሎ ነው የሚቦካው። በመሆኑም ዳንግላ ላይ በበቂ የሚቦካ ሊጥ በዚያው ሰዓት እንጅባራ ላይ ገና ሊሆን ይችላል። ቀኑን ያልጠበቀች ጋጋሪ የምታወጣው አፍለኛ ነው፤ አፍለኛ የሚወድ ሰው ቢኖርም። ከእንጅባራ ቤቶች አንደኛው ሊጡን እሳት ከሚነድበት ክፍል አጠገብ ያስቀምጣል፣ ሌላው ቀዝቃዛ ጓዳ ውስጥ። ልዩነቱን ጓዳ ሳይገቡ ከእንጀራው ላይ ማንበብ ይቻላል። የዱቄቱም ነገር አለ፤ ጤፍ ብቻ ነው ወይስ ዳጉሳ ወይም ሩዝ ገብቶበታል? መቀላቀሉ ነውር አይደለም፣ የዳጉሳ እንጀራ የአካባቢው ምግብ ነው። ነውሩ ንጹሕ ጤፍ ነው ብሎ መሸጡ ነው። ጀሶና ሰጋቱራ የተቀላቀለበት እንጀራ ተያዘ የሚል ዜና በተለያዩ ከተሞች ስንሰማ ስለኖርን ጥያቄው የቅንጦት አይደለም።

ከፍታው ወጡንም ይነካዋል። በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውሃ እንጅባራ ላይ 91 ወይም 92 ዲግሪ ሲደርስ ይፈላል። ፈላ ማለት በሰለ ማለት አይደለም እንግዲህ። ክክና ምስር ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋሉ፤ ረዘም ያለ ጊዜ ደግሞ ተጨማሪ ከሰል ነው። ከሰል የሚቆጥብ ቤት ክኩን ጥርስ ላይ ይተወዋል። የሚገርመው አዊ የከሰል አገር መሆኑ ነው። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ገበሬው ዲከረንስ የተባለውን ግራር ተክሎ፣ ጥቂት ዓመት ጠብቆ፣ ቆርጦ ያከስላል፤ ከሰሉ በጭነት መኪና አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል። ሆኖም ከመንገዱ ዳር ያለው ምግብ ቤት ከዚያው ገበያ እየተሻማ ነው የሚገዛው። ሽሮ ዱቄቱ አስቀድሞ የተቆላ በመሆኑ ቶሎ ይደርሳል ተብሎ ይታሰባል፤ ነገር ግን ሽንኩርቱ በደንብ ካልቁላላና ሽሮው ጊዜ ካላገኘ የዱቄት ጣዕሙ አይለቅም። ከአራቱ ቤቶች በተጋቢኖ የበለጠችው ዳንግላ ያለች ጠባብ ቤት ናት፤ አራት ጠረጴዛ ብቻ ነው ያላት፣ ግን ሦስቱንም ጊዜ አንድ ዓይነት ሽሮ አቀረበችልኝ። በ9 ሰዓቱ ጉብኝትም አዲስ ሠርታ ነው ያመጣችው። ሁለቱ ቤቶች ግን በዚያ ሰዓት የጠዋቱን አሙቀው አመጡልኝ።

ይህን ማሞቅ የሚሉትን ነገር እንደ ቀላል አንየው። የዓለም ጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ፣ እስኪበላ ድረስም ከ60 ዲግሪ በላይ ሙቀት ላይ እንዲጠበቅ ይመክራል። ለብ ያለ ምግብ ለጀርም ምቹ ነው። ስለዚህ የሚንተከተክ ተጋቢኖ ከለብታ በያይነቱ የተሻለ ዋስትና አለው። ለንጽሕና የእኔ መለኪያ የእጅ መታጠቢያው ነው፤ ውሃ አለ? ሳሙና አለ? አስተናጋጁ ራሱ ይታጠብበታል? የሚያብረቀርቅ ወለልና አዲስ ሶፋ ብዙ አይነግሩኝም። ዳንግላ ያለችውን ባለቤት «እትዬ፣ ጓዳውን ባየው ይከፋዎታል?» ብዬ ስጠይቃቸው «ግባ ልጄ፣ ምን የሚደበቅ አለና!» አሉኝ። እንጅባራ አንዱ ቤት ግን ጥያቄዬን ሰምቶ ዝም አለ። ሥጋ ላይ ደግሞ መጠየቅ ያለበት የቄራ ማህተሙ ነው፣ በተለይ ጥሬ ለሚበላ ሰው። የእንጅባራ የቀድሞ ስሟ ኮሶበር መሆኑ ሁልጊዜ ያስቀኛል፤ ኮሶ እኮ ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሰው የሚጠጣው መድኃኒት ነው።

በጥብስ የተሻለው እንጅባራ ያለው ትልቁ ቤት ነው። ሥጋው ቶሎ ስለሚያልቅ አያድርም፣ ምክንያቱ ይኸው ነው። ምስጢሩን ከጥበቡ ይልቅ በደንበኛው ብዛት ውስጥ ማግኘት ይቻላል።

ለኔ ትልቁ ልዩነት ግን በከተሞቹ መካከል ሳይሆን በሁለት ዓይነት ቤቶች መካከል ነው። አንደኛው የአውቶቡስ ቤት የሚባለው ነው። አገር አቋራጭ አውቶቡስ ይቆማል፣ ሰው ይወርዳል፣ በጥድፊያ በልቶ ይሄዳል። ቤቱን የመረጠው ተሳፋሪው አይደለም፣ ሹፌሩና ረዳቱ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ በነጻ ይበላሉ። ስለዚህ ቤቱ ሊያስደስት የሚገባው ደንበኛ ሹፌሩ ነው። ተሳፋሪው ቢከፋውም ነገ ተመልሶ ስለማይመጣ ቅሬታው ቤቱን አይጎዳውም። የሹፌሩ ጥብስ ከእኛ ጥብስ ቀላ ብሎ የሚታየው ለዓይናችን ብቻ አይደለም! ሰንሰለታማ ቤት ይህን ችግር በስሙ ይፈታዋል፤ ባሕር ዳር ላይ ያስቀየመህ ስም አዲስ አበባ ላይ ደንበኛ ያሳጣዋል። ሁለተኛው ዓይነት ቤት የከተማውን ነዋሪ፣ መምህሩን፣ የባንክ ሠራተኛውን በየቀኑ የሚያበላው ነው። እሱን ሰፈሩ ይቆጣጠረዋል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ክልላችን ውስጥ ግጭቱ ከተባባሰ ወዲህ መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት በአውቶቡስ ብቻ የሚኖሩት ቤቶች ይበልጥ መጎዳታቸው ከዚሁ የመጣ ነው።

ለተማሪ ሦስተኛ ዓይነት አለ፣ ኮንትራት። ነን ካፌ የሆነ ልጅ የወሩን ሂሳብ አስቀድሞ ከፍሎ ምሳና እራት ይበላል። አንድ የዶርም ጓደኛዬ የከፈለበት ቤት በመጀመሪያው ሳምንት ክክና አትክልት ጨምሮ አቀረበለት፣ በሦስተኛው ሳምንት ሽሮው ውሃ ሆነ፣ በአራተኛው እንጀራው ከሁለት ወደ አንድ ተኩል ወረደ። ገንዘቡ ገብቷል፣ ወዴት ይሄዳል? ይህ የአውቶቡሱ ቤት ችግር ራሱ ነው፤ መምረጥ የማይችል ደንበኛ ተገኝቷል። በመሆኑም ኮንትራት ለመያዝ ያሰበ ተማሪ የቤቱን የመጀመሪያ ሳምንት ምግብ ከመቅመስ ይልቅ በወሩ መጨረሻ ሄዶ የነባር ኮንትራት ተማሪዎችን ሳህን ቢያይ ይሻለዋል። ከተቻለ ደግሞ የወሩን ሳይሆን የሳምንቱን መክፈል።

ዋጋ አልጻፍኩም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ዘይትም ሆነ ሽንኩርት ዋጋው ባለበት ስለማይቆይ ይህ መጽሔት እስኪታተም ቁጥሩ ያረጃል። ግን አንድ ነገር ይመዝገብልኝ፦ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴው የዋጋ ዝርዝሩን በሚታይ ቦታ እንዲያስቀምጥ ደንግጓል። ከአራቱ ቤቶች ዋጋ የለጠፉት ሁለቱ ናቸው። ሌሎቹ ጋ ሂሳብ የሚነገረው ከበላህ በኋላ ነው፣ ያውም ፊትህ ታይቶ።

የቤቶቹን ስም ለምን ዘለልክ የሚለኝ ይኖራል። ሦስት ጉብኝት ለእኔ ለመማሪያ ይበቃኛል፣ ያችን ባለ አራት ጠረጴዛ ባለቤት ግን ከፍ ለማድረግም ሆነ ሌላውን ከገበያ ለማስወጣት አይበቃም። ሌላም ምክንያት አለ። ከአንዱ ቤት ባለቤት «ስሜን ጥሩ አድርገህ ጻፍልኝ፣ ሂሳቡን ተወው» የሚል ግብዣ ደርሶኝ ነበር፤ ከፍዬ ወጣሁ። «የከተማችን ምርጥ ምግብ ቤቶች» እየተባለ የሚቀርበው ዝግጅት ስንቱ ከዚህ ጠረጴዛ ላይ እንደሚነሳ መገመት አያስቸግርም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 ማስታወቂያ ከሌላው ዝግጅት ተለይቶ እንዲታወቅ ያዛል፤ በነጻ የተበላ ጥብስ ግን በየትኛው ዓምድ ተለይቶ እንደሚጻፍ አይናገርም።

የሚቀረው ዐቢይ ጾም ነው። በ55ቱ ቀን ጥብሱ ይቀርና ትልቁ የእንጅባራ ቤት በሽሮ ብቻ ይፈተናል፤ ዳንግላ ያሉት እትዬ ደግሞ አራቱ ጠረጴዛ ሞልቶ ሰው በር ላይ ሲቆም ያንኑ ተጋቢኖ ያቀርቡ እንደሆነ ይታያል። ሁለተኛውን ዙር ለዚያ አቆይቼዋለሁ።